ቀለሙ ለሳጥን ነው

አጎቴ በሽር ቀዩን የሞተር ቆቡን ነጭ የቀባው በኅዳር ውርጭ፣ እኛው ቤት ውስጥ ነው። እኔም ለእርቅ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ሰው መደሰቻ አያጣም።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ዳር፣ መንገዱ ወደ ቆላ መውረድ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነበረች። ነፋስ ከገደሉ ሥር ሲነሣ መጀመሪያ የሚያገኘው የእኛን ግድግዳ ነው። ጠዋት ጠዋት ገንዳው ላይ የጋገረውን በረዶ በድንጋይ የምሰብረው እኔ ነበርሁ፤ ያን ሥራ እወደው ነበር። እናቴ ኑርጃን ግን ብርድ የሚሰማት አይመስልም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ፀጉሯን በምላጭ እየተላጨች በጥቁር ሻሽ ትሸፍነዋለች፤ ምላጩንም አብሳ ከሰርግ ሳጥኗ ውስጥ ትመልሰዋለች። ሳጥኑ ቀለም ነክቶት የማያውቅ የዋንዛ እንጨት ነው። ከምላጩ ሥር የአባቴ እጀ ጠባብ ተጣጥፎ ይቀመጣል።

እጀ ጠባቡን ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። አባቴ አብዱሰላም ከማሉዲን ከሚባል ሰው ጋር በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልቶ ጭንቅላቱን በሽመል ተመታ። በወሳንሳ ሲያመጡት ከጆሮው የሚወርደው ደም አልቆመም ነበር። እናቴ የለበሰውን አወለቀችና በእሱው ስትጠርግ፣ ስትጠርግ፣ ጨርቁ ጠግቦ አልቀበል እስኪላት ድረስ ጠረገች። እሷ ገና እየጠረገች ነው ትንፋሹ የቆመው።

ከማሉዲን በዚያው ቀን ወደ ቆላ፣ ወደ ሚስቱ ዘመዶች ወረደ። አባቴ ደግሞ ከሌላ አገር፣ ከማሻ ወገን የመጣ ሰው ነበርና ደሙን የሚመልስለት ወንድም ባጠገቡ አልነበረውም። የነበረን ወንድ የእናቴ ታናሽ ወንድም በሽር ብቻ ነው።

በሽር በመንገድ ሥራ ካምፕ ሞተረኛ ነበር። ሞተሩ ጥቁር፣ ቆቡ ቀይ። ከወዲያኛው ጋራ ላይ ገና ነጥብ ሆኖ ሲታይ «በሽር መጣ» እንባባላለን። ከኪሱ ከረሜላ፣ ካፉ ሳቅ አይጠፋም፤ ዶሮ ሲያርድ እንኳ «ቢስሚላህ» ይልና ዓይኑን ይጨፍናል። እናቴ ግን ከአባቴ ቀብር ወዲህ እንደ ወንድ አልቆጠረችውም። ማዕድ ሲቀርብ ጣሳውን ይዛ መጀመሪያ እኔን ታስታጥበኛለች፣ ቀጥላ እሷ ትታጠባለች፣ ከዚያ ጣሳውን እግሩ ሥር ታስቀምጥለታለች። ራሱ እያፈሰሰ ይታጠባል። እኔን ከእሱ አብልጣ ስለምትወደኝ ይመስለኝ ነበርና እጄን ዘርግቼ እየኮራሁ እጠብቃለሁ። ጎልማሳ ወንድምን እንዲያ ከማዋረድ በጥፊ መምታት እንደሚሻል የገባኝ አግብቼ የራሴን እንግዶች ማስታጠብ ስጀምር ነው።

አንድ ቀን ከደጅ ሆኜ ሲጨቃጨቁ ሰማኋቸው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል ነበር። አንተ ግን ተወግተህ ረሳህ» አለችው።

«እታለም፣ እኔ ነፍስ ማጥፋት አልችልም። ወላሂ አልችልም።»

«እነሱ ይችላሉ። ደመኛቸው አንተ መሆንህን ያውቃሉ፤ አንተ ብትተኛ እነሱ አይተኙም። ወይ ትቀድማቸዋለህ፣ ወይ ይቀድሙሃል።»

ከዚህ ሁሉ ጆሮዬ የያዘው «ይቀድሙሃል» የምትለዋን ነው። ከዚያ ወዲያ የሞተሩን ድምፅ ካልሰማሁ እህል አይወርድልኝም ነበር። ዱዓዬ አንድ ብቻ ሆነ፤ አጎቴን እንዳይገድሉብኝ።

ስለዚህ ሼህ ሺፋ መጥተው እርቅ ሲያወሩ ከቤቱ ሰው ሁሉ ይበልጥ የተደሰትሁት እኔ ነኝ። ሼህ ሺፋ አበጋር ናቸው፤ ደም የተቃባን የሚያስታርቁ፣ ቃላቸውን ከቆላ እስከ ደጋ ማንም የማይጥሰው ሽማግሌ። መደቡ ላይ ተቀምጠው ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ።

«ኑርጃን፣ ከማሉዲን እጁን ሰጥቷል» አሉ። «ጉማውን፣ የደሙን ካሣ፣ ይከፍላል። ሐሙስ ከሾላው ሥር በሬ ይታረዳል፤ ሁለታችሁም ወገን ደሙን ትሻገሩና ነገሩ ያበቃል። እስከዚያ ማንም በማንም ላይ እጁን እንዳያነሣ በአላህ ስም ይዣችኋለሁ።»

«አንቱ ካሉ ምን እላለሁ» አለች እናቴ። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

በሽር «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ። እኔም አበስሁ።

ሼሁ ከአፋፉ እንደተሰወሩ እናቴ ሳጥኗን ከፈተች። እጀ ጠባቡን አወጣች፤ ስትዘረጋው እንደ ደረቀ ቆዳ ተንኳኳ። ወስዳ በወንድሟ ትከሻ ላይ ጣለችው።

«ሐሙስ ከገዳዩ ጋር በሬ ስትበላ ይህን ለብሰህ ብላ» አለችው። «ሥጋው ሲቀባህ በዚህ ትጠርገዋለህ።»

በሽር አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲንሰቀሰቅ አይቼ አላውቅም ነበር። የአባቴን ልብስ ስለሰጠችው፣ አባቴም ትዝ ስላለው መስሎኝ አብሬው አለቀስሁ። ልቅሶው ሲያልቅ እጀ ጠባቡን አጣጥፎ መለሰላትና «ምን ላድርግ?» አላት። ሌላ አልተናገረም። እሷም ሻሿን አጠበቀችና አጠገቡ ተቀመጠች፤ ከአባቴ ሞት በኋላ አጠገቡ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው።

ስለ አምባቸው ሳልናገር ወደ ቀለሙ አልሄድም። አምባቸው የፈንጣጣ ከታቢ ነበር፤ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ገና ጢሙ ያልጠና ወጣት። እሱም ጥቁር ሞተር ነበረው፤ ቆቡ ግን ነጭ ነው። ቆላዎቹ የማያውቁትን ሰው ከወንዙ ወዲህ ጠብመንጃ ደግነው ነው የሚመልሱት። ነጩን ቆብ ሲያዩ ግን ውሻቸውን ያስራሉ፣ ልጆቻቸውን አዝለው ይወጣሉ። ፈንጣጣ በዚያ ዓመት ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ልጅ ይወስድ ነበርና አምባቸውን የሚጠላ ሰው አልነበረም። እኔንም የከተበኝ እሱ ነው። ሁለት ጥርስ ባላት መርፌ ክንዴን ጠቅ ጠቅ አድርጎ፣ «ሰብሪያ፣ ይቺ የምትቀረው ጠባሳ ማኅተም ናት፤ ሞት ሲመጣ ታሳዪዋለሽ» ብሎኛል። ሞት ሲመጣ ለማሳየት ስንት ቀን ክንዴን ገልጬ ተኝቻለሁ።

ሰኞ ወደ ደጎሎ ሲያልፍ ውኃ ሊጠጣ ጎራ አለ። እናቴ ቆሎም ጨመረችለት።

«አምባቸው፣ ቆብህን የምታድስበት ያ ነጭ ቀለም ተርፎህ ይሆን?»

«አለ፤ ለምን ፈለጉት እትዬ ኑርጃን?»

«ለሳጥን ነው። የሰርግ ሳጥኔን ልቀባው አስቤ።»

«ለሳጥን ከሆነማ ምን ገዶኝ!» ብሎ ከሞተሩ ኮሮጆ ጣሳውን አወጣ። «ግን በዚህ ብርድ አይደርቅም። ፀሐይ እስኪወጣ ይታገሡ፤ ቸኩለው ከነኩት እጅዎን ይዞ ይቀራል።»

«አብሽር፣ እጠነቀቃለሁ» አለችው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሽር ከካምፑ የፍሊት መርጫ በጋቢው ሸሽጎ መጣ፤ ያቺ ለትኋንና ለዝንብ የምትገፋ የቆርቆሮ ፓምፕ ናት። እናቴ በሩን በመወርወሪያ ዘጋች። ብርዱን ፈርታ ነው ያልሁት። በሽር ቆቡን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ጀመረ፤ ቀዩ ቀለም እየደቀቀ ከእጁ እስከ ክርኑ ለበሰው። ፍቆ ሲያበቃ በሳሙና አጠበው። እናቴ ዘነዘናውን በሙቀጫው ውስጥ አቁማ ቆቡን አናቱ ላይ ሰካችው። እኔ መደቡ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እስከ አፍንጫዬ ተሸፍኜ እመለከታለሁ።

ቀለሙ በውርጩ ረግቶ ነበር። ጣሳውን በፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ቢያማስሉት ጥቂት ላላ፤ በሽር ቤንዚን ጨመረበትና ፍሊቱን ሞላ። የመጀመሪያው ግፊት ምንም አላወጣም። ሁለተኛው እንትፍ አለ። ከዚያ ግን ቀለሙ ተረጨ፤ ቆቡ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የበሽር ጫማ ላይ። ቆቡ ነጭ አልሆነም፤ ቀዩ ከሥር እየወጣ ደም እንደነካው ወተት ሆነ። የረጋውም ወደ ታች እየወረደ ጠርዙ ላይ ተንጠለጠለ።

«ይቀላል። ድገመው» አለች እናቴ።

«ይህኛው ሳይደርቅ ቢደገም ይወርዳል እታለም።»

«ይድረቃ!» ብላ የፍም ምድጃውን ጎትታ ከሙቀጫው ሥር አስጠጋችው። «ነጭ ይሁን ብቻ። ነጭ ከሆነ ውሻው እንኳ አይጮህብህም።»

በሽር ፍሊቱን እንደያዘ ቆመ። «በልጆቹ ፊት ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

«የኔዋስ በማን ፊት ነው ያየችው?»

በልጆቹ ፊት የሚሆነው የበሬው እርድ መሰለኝ። አጎቴ ደም አይወድምና አፍሮ ነው ብዬ አዘንሁለት። ነጩም ገብቶኛል፤ ለእርቅ የሚሄድ ሰው ነጭ ይለብሳል፣ እሱ ደግሞ የሚለብሰው ቆብ ነው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ እኔ ግን ያንን ሁሉ አቡክቼ ጋግሬ ጠግቤ ነበር።

ደግሞ ገፋው። ያን ጊዜ ርጭቱ ፍሙን አገኘ። ቤቱ ውስጥ እሳቱ ቱግ ብሎ በጭሱ ውስጥ ወደ ፍሊቱ ሮጠ፤ የበሽር ፊት ነደደ። ጩኸቱ እስካሁን ይሰማኛል። ቅንድቡ ሲንጨረጨር፣ የፀጉር ሽታ ሲሞላን፣ እናቴ የዘለለችው ወደ ቆቡ ነው። ነበልባሉን በባዶ እጇ አቅፋ በጋቢ ጠቀለለችው። ቆቡ ከጠፋ በኋላ ነው ወደ ወንድሟ የዞረችው። በመዳፏ ፊቱን መታችው፤ ደግማም መታችው። እሳቱን ለማጥፋት ነው እንዳልል እሳቱ ጠፍቶ ነበር።

«አሁንም ዓይንህን ጨፍነሃል!» አለችው። «ያን ጊዜ እንዳትጨፍን!»

እጇ ተልጦ ነበር። ቆዳዋ በጋቢው ላይ ቀርቷል። ቅቤ እንኳ ሳትቀባ ቆቡን ዘነዘናው ላይ መለሰችው፤ ከቀረው ቀለም በእሳት ሳይሆን በብርዱ ውስጥ፣ በጨርቅ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ሲቀቡ ዋሉ። ሲመሽ ነጭ ሆነ። በሽር ሳያጫውተኝ ቢላ መሳል ያዘ። ለበሬው ነው።

ረቡዕ ጠዋት ቀለሙ አልደረቀም ነበር። ላይ ላዩ ደርቆ ሥሩ እንደ ሙጫ ነው። ጣቴን ላስጠጋ ስል እናቴ በተላጠ እጇ መታችኝ፤ ከእኔ ይልቅ እሷ አቃሰተች።

«አንድ ቀን ቢያድር» አለ በሽር። ቅንድብ የሌለው ፊቱ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ነገ ሐሙስ ነው። ነገ ምን ያደርግልሃል?»

ፊቱን ከብርድ በሻሽ ጠቀለለ፣ ቆቡን ደፋ፣ ቢላውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ከብብቱ ከተተ። ተከትዬው ወጣሁ።

«አያ በሽር፣ እርቁ ነገ አይደል?»

ጎንበስ አለና አየኝ፤ የቤንዚን ሽታው አፍንጫዬን አቃጠለኝ። «በሬውን አይቼ ልምጣ» አለኝ። ከረሜላ አልሰጠኝም።

ዐስር ሳይሰገድ ተመለሰ። ሞተሩን ከጓሮ አስገብቶ በጭድ ሸፈነው፤ ይህ አዲስ ነገር ነበር። እጅጌው እስከ ትከሻው ቀይ ነው። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ በእጇ ያዘችው። ከዚያ ማስታጠቢያ ውኃ አመጣች። እኔ እንደ ልማዴ እጄን ዘረጋሁ፤ አለፈችኝ። ወንድሟ ፊት ተንበርክካ እሱን አስታጠበችው። እጇ የተላጠ ስለነበር ጣሳውን በክንዶቿ መካከል ይዛ ነው ያፈሰሰችው፤ ውኃው ቀይ ሆኖ ወደ ምድጃው ዳር ወረደ።

«በሬው ታረደ?» አልኋት።

«ታረደ ልጄ» አለች። ጥቁሩን ሻሽ አውልቃ አበባ ያለበትን አሠረች።

ቆቡ መሬት ላይ ተጥሎ ነበር። አቧራና ገለባ ተጣብቆበት ነጭነቱ አይታይም። በጎኑ በኩል ግን የሰው እጅ ነበረበት። አምስቱም ጣቶች ቀለሙ ውስጥ ገብተው፣ ወደ ታች ተስበው፣ ቀዩን የድሮ ቀለም እስኪያሳዩ ድረስ ፍቀውታል። ከታረቁ በኋላ ሰዎች ራስ ለራስ ተያይዘው ሲሳሳሙ አይቻለሁ። ከማሉዲን አጎቴን አቅፎ ስሞታል ማለት ነው። በደስታ መዳፌን እዚያ እጅ ላይ አስቀመጥሁ። ትልቅ እጅ ነበር፤ የኔ መሐሉ ላይ ጠፋ። ቀለሙም ጣቴን ለቀም አደረገኝ።

በሽር ሳይመሽ በእግሩ ሄደ። አልተሰናበተኝም።

ሐሙስ ሼህ ሺፋ መጡ፤ ብቻቸውን፣ በሬ እየሳቡ። ዳማ በሬ ነው፤ ደጃችን ቆሞ ያመነዥካል። እየሮጥሁ ወጣሁና አንገቱን አየሁ፤ ምንም የለበትም።

«ጌታዬ፣ በሬው አልታረደም እንዴ?» አልኋቸው።

እሳቸው እኔን አላዩም። የእናቴን አበባማ ሻሽ ነበር የሚያዩት። ቀጥሎም የተላጠ እጇን፣ በጥፍሮቿ ሥር የቀረውን ነጭ ቀለም አዩ፤ የቀለሙን ነገር ግን ሊያውቁት አልቻሉም።

«በሬው ቆሞ ሰው ታረደ» አሉ። «ማን እንዳረደው የቆላ ሰዎች አንነግርም አሉኝ። አንቺም እንድትነግሪኝ አልጠይቅሽም። ቃሌን ይዞ፣ ትጥቁን ፈትቶ ተቀምጦ የነበረ ሰው ነው ኑርጃን። እጁን ሰጥቶኝ ነበር።»

«እንግዲህ አላህ ያየዋል» አለች እናቴ።

«አይቷል» አሉና በሬውን አዞሩት። ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ።

እኔ ወደ ቤት ገባሁ። የበሽር እጀ ጠባብ በገንዳ ተዘፍዝፎ ነበር። በሬው በሕይወት ካለ ይህ የማን ደም ነው ብዬ ራሴን ስጠይቅ ምድጃው ዳር አስመለሰኝ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ አጎቴ በሕይወት በመመለሱ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለቱም በአንድ ሆድ ውስጥ ነበሩ።

የሆነውን የነገረችኝ የከማሉዲን ሚስት ናት፤ እናቴ በሞተች ጊዜ፣ ከዕድሜ በኋላ፣ ለተዝያ ልታጽናናኝ መጥታ። ዳስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። መጀመሪያ አላወቅኋትም።

«ሞተሩን ሲሰማ ትንሹን ልጃችንን ታቅፎ ሮጠ» አለችኝ። «ያ ልጅ ብቻ ነበር ያልተከተበው። እጅጌውን ጠቅልሎ ክንዱን እየዘረጋለት፣ 'ና ዶክተር፣ ይህ ብቻ ነው የቀረኝ' አለው። አጎትሽ ቢላውን ሲያወጣ ዓይኑን ጨፈነ፤ አይቼዋለሁ። ስለጨፈነ ሳተው። ትከሻውን ወጋው፣ ጉንጩን ወጋው። ባሌ ልጁን ወደ እኔ ወርውሮ ቆቡን ያዘ። እንደያዘው ነው አንገቱን ያገኘው።»

ወቀሳዋን ጎንበስ ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ለወቀሳ አልመጣችም፤ ለመጨረስ ነው የመጣችው።

«ለሼሁ ነጭ ቆብ አየን አላልናቸውም» አለች። «ደመኛህን ለሽማግሌ ከነገርህ በእርቅ ይይዙሃል። ለራሳችን ደበቅነው። የመጣው ሰው ፊት ተሸፍኗል፤ እኛ ያየነው ሞተርና ቆብ ነው። ያ ልጅ በአጎትሽ ተልኮ የመጣ መሰለን፤ አጎትሽ ራሱ መሆኑን የሰማነው ኋላ ነው።»

ያ ልጅ ያለችው አምባቸውን ነው።

አምባቸው ቅዳሜ በማለዳ ከደጎሎ መጣ። ወደ ከተማው ሳይገባ፣ ማንንም ሳያገኝ፣ እኛ ደጅ ላይ ሞተሩን አቆመ። ውርጩ ቆቡ ላይ በርዶ ነበር፤ አውልቆ በእጅጌው ወለወለው። ንጹሕ ነጭ ነው፤ ያበራል።

«እትዬ ኑርጃን፣ እንዴት አደሩ? ሳጥኑ ደረቀልዎት?»

እናቴ ደፉ ላይ ቆማለች፤ እጆቿን በነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። ሞተሩ እየተንተከተከ ነው።

«ደርቋል» አለች። «አላህ ይስጥህ።»

«ውሸት!» ልል ነበር። ሳጥኑ እንደ ድሮው ነው፤ ጠብታ አልነካውም፤ ቀለሙ ያረፈው ቆቡ ላይ ነው። ቁርአን የሚያስቀሩን ሼህ ውሸታምን አላህ እንደማይወድ ነግረውናል። አፌን ስከፍት እናቴ ትከሻዬን ያዘችኝ። የተላጠ እጇ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ስለ ሳጥኑ እንዳላሳፍራት ነው ብዬ ዝም አልሁ። ዛሬ የዚያን እጅ ነገር ሳስበው፣ እኔን የያዘችው እኔን ዝም ለማሰኘት ብቻ አይመስለኝም፤ ራሷንም ነበር የምትይዘው። «አትሂድ» ብትለው ለምን ይላታል። ለምን ካላት የወንድሟ ስም ይወጣል። ከሁለቱ አንዱ መሞቱ ነው፤ የማን ልጅ ይሙት? እሷ መረጠች።

«እጅዎን ምን ሆኑ?» አለ አምባቸው፤ ደም ነጠላዋን ሲያልፍ አይቶ ነው።

«ምድጃ ነው።»

«ስመለስ መድኃኒት አደርግልዎታለሁ» ብሎ ቆቡን ደፋ። ለኔም ክንዱን ገልጦ የራሱን ጠባሳ አሳየኝ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሰናበተኝ። እኔም የኔን አሳየሁት። ሞተሩ ቁልቁል ወረደ። ድምፁ ከገደሉ ሥር ለረዥም ጊዜ ይሰማ ነበር፤ እናቴም እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችው።

እንደ ልማዱ ልጆቹን ሰላም እያለ ነው አሉ ቆላ የገባው። ውሻ አልታሠረም። ሴቶቹ ናቸው መጀመሪያ ድንጋይ ያነሡት። ከሞተሩ ሲወድቅ የክትባት ሳጥኑን ደረቱ ላይ አቅፎ «ኧረ እኔ ነኝ! ኧረ አምባቸው ነኝ!» ይል ነበር። እነሱም እሱ መሆኑን አልተጠራጠሩም።

እሑድ ጠዋት አስከሬኑን በቃሬዛ ሽቅብ ሲያወጡት በእኛ ደጅ አለፉ፤ ሌላ መንገድ የለም። ፊቱን በጋቢ ሸፍነውታል። ቆቡ ሆዱ ላይ ተቀምጧል፤ በግራ በኩል ለሁለት ተሰንጥቋል። እኔ ከሴቶቹ መሐል ሾልኬ ቆቡን አየሁት። እጅ ፈለግሁበት። ምንም እጅ የለበትም፤ የሱ ቀለም ከደረቀ ቆይቷል። ከጋቢው ሥር የወጣው ክንዱ ላይ ጠባሳው ይታይ ነበር። ለሞት አሳይቶት ይሆናል።

በሽር አልዳነም። በዓመቱ የከማሉዲን ወገኖች ደጎሎ ገበያ መሐል ከኋላው መጥተው ጣሉት። ያ ሁሉ ዱዓዬ፣ ያ ሁሉ የእናቴ ዝምታ የገዛለት አንድ ዓመት ነው፤ እሱንም በዋሻ ተደብቆ የኖረው። የኔ እናት ለዚህ ስታለቅስ አላየኋትም። እሷ ስታለቅስ ያየኋት ቃሬዛው ያለፈ ለት ብቻ ነው።

ሰዉ አስከሬኑን ተከትሎ ሲሄድ እሷ ወደ ቤት ገባች። ከጣራው ሥር የወሸቀችውን የቀለም ጣሳ አወጣች። ሳጥኑን ወደ መሐል ጎትታ ተንበረከከች። ፍሊቱ ተቃጥሏል፤ ብሩሽ የለንም። ከጣሳው ሥር የቀረውን የረጋ ቀለም በእጇ ዘግና ሳጥኑ ላይ ለጠፈችው። በተላጠ መዳፏ ታሸዋለች፤ የዋንዛው ስንጥር ቁስሏ ውስጥ እየገባ፣ ነጩ እየቀላ፣ እሷም እያለቀሰች። ቁስሉ አሟት የምታለቅስ መስሎኝ እጇን ለመያዝ ሞከርሁ። በክርኗ ገፋችኝ።

«እማ፣ በዚህ ብርድ አይደርቅም እኮ» አልኋት። አምባቸው ያለውን መድገሜ ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። ግንባሯ፣ ሻሿ፣ ከንፈሯ ሳይቀር ቀለም ነበር።

«ለሳጥን ነው ብዬዋለሁ» አለችኝ። «ሰምተሻል አይደል? አንቺም ነበርሽ። ለሳጥን ነው ብዬዋለሁ።»